ስለ ሶሊ ጥርስና ለእናትህ ስለተናገርኩት ቃል

የሶሊ አባት፣ የእኔ ደሬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ መቃብርህ ዘንድ ብዙ ጊዜ መጥቻለሁ። ሻማ አበራለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ስለ ቤቱም ስለ ሥራውም አወራሃለሁ። ይህን ግን እዚያ ቆሜ ልነግርህ አልቻልኩም። ሳፍር ዓይንህን ማየት እንደማልችል አንተው ታውቃለህ። ስለዚህ ወረቀት ላይ አቀርቅሬ ልንገርህ።

ቤታችን ያው ጀሞ፣ ያው አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ የዘረጋኸው መብራት አሁንም ይሠራል። ጎረቤቶቻችን ሲያበሩት «ነፍሱን ይማር» ይላሉ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ በአንተ በኩል አሁን የእናትህ ልብሶች አሉ። ከተዝካርህ በኋላ «ልጅቷን ለማን ትተሽ ሥራ ትሄጃለሽ?» ብለው የመካኒሳ አቦ ቤታቸውን ቆልፈው መጡልን። እኔ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤቱ ስሮጥ፣ ሶሊን አልብሰው፣ ምሳ ዕቃዋን ይዘው እስከ ትምህርት ቤቷ በር የሚያደርሷት እሳቸው ሆኑ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ታውቃለህ። ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው ያን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ አንድ ቀን «ደከመኝ» ሲሉ አልሰማሁም። ይህን ያስቀደምኩት፣ ኋላ የምነግርህን ስትሰማ ማንን እንደበደልኩ እንድታውቅ ነው።

ሶሊ አድጋለች። አምስት ዓመት ሞልቷት ኬጂ ሁለት ገብታለች። ዩኒፎርሟ ይሰፋታል፤ እናትህ ጫፉን አጥፈው በእጃቸው ሰፍተውላታል። ሳቋ ቁርጥ ያንተ ነው። ስትወለድ በማን ወጣች እያልን ስንከራከር ቆይተን፣ የፊት ጥርሶቿ መሐላቸው ክፍት ሆኖ ሲበቅሉ «ፍንጭቴን ሰረቀችኝ!» እያልክ ስልክህን ይዘህ ለሰው ሁሉ ፎቶዋን ስታሳይ የዋልክበት ቀን ትዝ ይለኛል። ታክሲ ውስጥ አጠገብህ ለተቀመጠ ለማታውቀው ሰው ሳይቀር አሳየኸው። «ኧረ ሰው ይታዘበናል» ስልህ፣ «ይታዘብ! ፍንጭት እንደ ዕቃ አይገዛም» አልከኝ።

እነዚያን ጥርሶች ነው ያበላሸኋቸው ደሬ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሶሊ አልተኛም አለች። ሲመሽ በር በሩን ታያለች። «አባቢ መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። ሩቅ አገር ሥራ ሄዷል እላታለሁ። «እሺ ደውይለት» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ተቃቅፈን አለቀስን። ኋላ ግን መልስ አለቀብኝ። አንድ ማታ ከተወችው የቆየ ጡጦዋን ከመደርደሪያ ላይ አወረድኩና ወተት በስኳር ሞልቼ ሰጠኋት። እየጠባች ዝም አለች፤ እየጠባች ተኛች። እፎይ አልኩ። በማግስቱም ሰጠኋት። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ። ወተት ባለቀ ቀን ሻይ በስኳር አደርግላት ነበር። ጡጦው አፏ ውስጥ እንዳለ ነበር የምታድረው።

እናትህ አይተው ዝም አላሉም። «ልጄ፣ ትልቅ ልጅ እኮ ናት። ጡጦው ይቅርባትና እኔ ተረት እየነገርኳት ትተኛ» አሉኝ። «ተዉኝ እማማ፣ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ» አልኳቸው። አነጋገሬ ደረቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ጡጦው አንስተው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ግን ሶሊን መታጠቢያው ጋ ዱካ ላይ አቁመው አፏን ሲያስጉመጠምጧት፣ በትንሿ ብሩሽ ጥርሷን ሲያሹላት አይ ነበር። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ በአጠገባቸው አልፋለሁ። የአያትና የልጅ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ።

መጀመሪያ ድዷ አጠገብ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር አየሁ። ያ መስመር እየዋለ እያደረ ቡናማ ሆነ፤ ከዚያም ጠቆረ። «የወተት ጥርስ አይደል? ይወልቅና ሌላ ይበቅላል» አልኩ። መሥሪያ ቤት ለጠየቁኝም፣ ለራሴም ይህንኑ አልኩ። በኋላ መምህርቷ አስጠራችኝ። ሶሊ ምሳዋን ሳትነካ ትመልሳለች አለችኝ። ስትስቅም በእጇ አፏን ትሸፍናለች። ለካ ልጆቹ «ከሰል የበላች» እያሉ ይስቁባት ኖሯል። መምህርቷ በትሕትና ነው የነገረችኝ። ነገር ግን ቀስ ብላ «ቤት የሚከታተላት ሰው አለ?» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ «አያቷ ናቸው የሚይዟት» አልኳት። ስማኝ ደሬ፣ በእናትህ ላይ ጣቴን የቀሰርኩት ያን ጊዜ ነው። ጥፋተኛው ማነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሳይኖር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ አርብ ከሥራ ስገባ ሶሊ ጉንጯ አብጦ፣ አንድ ዓይኗ ጠቦ፣ እናትህ ጭን ላይ ተኝታ ታቃስታለች። እሳቸው ቅርንፉድ ወቅጠው በጥጥ ድዷ ላይ ይዘውላታል። ወለሉ ላይ አንዲት የከረሜላ ወረቀት አየሁ። አንዲት ብቻ። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጮህኩባቸው። በሩ ክፍት ነበር፤ ጎረቤቶች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። «ከረሜላ እያጎረሱ የልጄን ጥርስ አበሰበሱት!» አልኩ። «ልጄ፣ ከረሜላዋን እኮ...» ብለው ሳይጨርሱ ያን ቃል ተናገርኩ።

«ድሮስ እርስዎ ያስታመሙት መች ይተርፋል!»

ደሬ፣ ሆስፒታል በተኛህባቸው ሳምንታት አልጋህ ሥር ካርቶን አንጥፈው ያደሩት እሳቸው ናቸው። የደረቀ ከንፈርህን በጥጥ ያረጠቡልህ፣ የቀዘቀዘ እግርህን በመዳፋቸው ያሹልህ እሳቸው ናቸው። እኔ ሶሊን ይዤ ቤት አድር ነበር። ጠዋት ስመጣ ፊትህን አጥበው፣ ፀጉርህን አበጥረው ነበር የሚጠብቁኝ፤ ስትጎሳቆል እንዳላይህ። ይህን እያወቅሁ ነው ያልኩት።

እናትህ ጥጡን ቀስ ብለው ከሶሊ አፍ አወጡና እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ «ሲነጋ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎፋ ወዳለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። የሶሊን አፍ በትንሽ መስታወት አየችና «ማታ ስትተኛ ምን ትጠጣለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ቃል ሳልተነፍስ ሶሊ በዚያ ባበጠ ጉንጯ ቀደመችኝ። «ጡጦ! እማዬ ስኳር ታደርግልኛለች። እማምዬ ግን ጥርስሽን ታጠቢ ነው የምትለኝ» አለች። እማምዬ የምትለው እናትህን ነው። እሳቸው ከበሩ ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ በሩ ደግሞ ገርበብ ብሎ ነበር። ሰምተዋል። ዞሬ ላያቸው ፈለግሁ፣ አንገቴ አልታዘዝ አለኝ።

ከዚያ ክፍል ቶሎ ለመውጣት ብዬ «በቃ ንቀይልኝ ዶክተር፣ የወተት ጥርስ አይደል፣ ሌላ ይበቅላል» አልኳት። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። የፊቶቹ ለመውለቅ ብዙም እንዳልቀራቸው፣ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት አፏ ውስጥ መቆየት እንዳለባቸው ነገረችኝ። ለሚመጣው ጥርስ ቦታ ይዘው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ አጠገባቸው ያሉት ወደ ባዶው ይጋደማሉ፣ ቋሚው ጥርስ ሲመጣ መውጫ አጥቶ ይጣመማል። «ይወልቃል ማለት እኮ አያስፈልግም ማለት አይደለም» አለችኝ። የተበላውን ጠርጋ ልትሞላው፣ ሕመሙ ወደ ውስጥ የዘለቀባቸውን ደግሞ አክማ በብረት ቆብ ልትሸፍናቸው እንደምትችል አስረዳችኝ። አንዱ የፊት ጥርስ ግን መግል ይዟል፤ እሱ መነቀል አለበት።

«ፍንጭቷስ?» አልኳት።

ቋሚዎቹ ይዘውት ይምጡ አይምጡ አላውቅም አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ እብጠቱ እንዲጎድል መድኃኒት ታዘዘላት። ታክሲ ውስጥ እናትህ ሶሊን ታቅፈው በመስኮቱ ወደ ውጪ ያያሉ። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ከጎፋ እስከ ጀሞ አፌ ውስጥ ይዤው መጣሁ፤ ሳላወጣው ወረድን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልብሳቸውን በፌስታል ሸክፈው «ቤቱን እንዲያው አንድ ጊዜ ልየው» አሉ። ሶሊን ግንባሯን ሳሟት። እኔ ደረጃው አናት ላይ ቆሜ አንድ እጃቸው ብረቱን ይዞ ሲወርዱ አየኋቸው። ፌስታሉን እንኳ አልተቀበልኳቸውም። ተቀይመውኛል አልኩ፤ ይገባኛልም አልኩ። ግን ይገባኛል ብሎ ቤት መቀመጥም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው ደሬ።

ጎን ያለችው ጎረቤታችን፣ ያቺ ከአርባ ምንጭ የመጣችው፣ ሶሊን ከትምህርት ቤት ልታመጣልኝ ተስማማች። የዚያን ዕለት ጩኸቴን ሰምታለች። ስለ እናትህ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ዓይኗን እየሸሸሁ ነበር ልጄን የምቀበላት።

ሕክምናው በሚጀመርበት ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ሶሊን ይዣት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ እንደወጣች ከንፈሯን ግጥም አደረገች። አባበልኳት፣ ለመንኳት፣ ኋላም ተቆጣኋት። ሐኪሟ መስታወቷን ልታስይዛት ስትል በእግሯ ተወራጨች። በመጨረሻ «እማምዬ ትምጣ! እማምዬ ካልመጣች አልከፍትም!» ብላ ጮኸች። ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀችና «እማምዬ ማን ናቸው?» አለችኝ። «አያቷ» አልኩ። «ታዲያ ይምጡልን!» አለች። ለእሷ ቀላል ነገር ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ሶሊን ለጎረቤታችን ትቼ መካኒሳ አቦ ሄድኩ። ከታክሲ ወርጄ እስከ እናትህ በር ስሄድ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ያን ቃሌን የሰማ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሲያዩኝ ጎመኑ ከጭናቸው ተበተነ።

«ሶሊ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም እማማ» አልኩና ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ። ጡጦው የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ያን ቃል...»

የመለሱልኝን ስማ። «እኔ መች ተቀየምኩሽ ልጄ» አሉ። «ፈርቼ ነው የመጣሁት። ልጄን አስታመምኩ፣ ቀበርኩት። ልጅሽን ያዝኩ፣ ፊቷ አበጠ። እጄ ክፉ ቢሆን ነው አልኩ። ከእሷ ልራቅ፣ እሷ እንኳ ትትረፍ ብዬ ነው።»

ቂም ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ቂም ይሻራል። እሳቸው ግን ቃሌን እውነት ብለው ተቀብለውት፣ ባዶ ቤት ተቀምጠው እጃቸውን ሲያዩ ሰንብተዋል። ልጇን አፈር ያለበሰች እናት ልብ ውስጥ ያን የዘራሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም፤ አሁንም አልለቀቀኝም።

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። «እማማ፣ ደሬ እስከ መጨረሻው የፈለገው ይህን እጅ ነው። ሶሊም ዛሬ ጮኻ የጠራችው ይህንኑ ነው» አልኳቸው። ከዚያ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ምሳ በላች?» አሉኝ።

«አልበላችም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ጎልቶናል?» ብለው የቤቱን ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ።

በቀጠሮው ቀን የሐኪሟ ወንበር ላይ መጀመሪያ የወጡት እናትህ ናቸው። ሶሊን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «ዶክተርዬ፣ አስቀድመሽ የኔን እዪልኝ። እሷ ትመልከት» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ሐኪሟ መብራቷን አብርታ፣ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ እዚህ ቤት ሰው የለም እኮ!» ስትል ሶሊ ከት ብላ ሳቀች፤ አፏን ሳትሸፍን። ከዚያ ማንም ሳይለምናት አፏን ከፈተች። ማደንዘዣው ሲወጋት የእናትህን አውራ ጣት ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። ማሽኑ ማፏጨት ሲጀምር እናትህ በጆሮዋ ስለ አንተ ያወሩላት ነበር። ልጅ ሳለህ የተነቃነቀ ጥርስህን በክር ከበር እጀታ ጋር አስረህ፣ በሩን የሚዘጋልህ ሰው ስታጣ የቤታችሁን በግ እንዲገፋው ልትጠራ እንደሄድክ። ይህን ታሪክ ለእኔ አንድም ቀን አልነገርከኝም። ግድግዳ ተደግፌ አብሬያት ሰማሁ።

እየተመላለስን ጨረስን። ሁለት መንጋጋዎቿ የብረት ቆብ ለበሱ፣ ሌሎቹ ተጠርገው ተሞሉ። ያ የፊት ጥርስ ተነቀለ። ሶሊ በመስታወት አይታ የብረቱን ብልጭታ ወደደችው። ትምህርት ቤት ሄዳ «እኔ የሮቦት ጥርስ አለኝ» ብላ ለክፍሉ ሁሉ አፏን ከፍታ እንዳሳየች መምህርቷ ነገረችኝ። ምሳ ዕቃዋ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ግን ስትስቅ ያ ክፍት ቦታ ይታየኛል። ሰው ሁሉ የልጅ ወላቃ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም።

አሁን ደግሞ ለእናትህም ያልነገርኳቸውን ልንገርህ። ጡጦው የተጣለ ማታ ሶሊ አምርራ አለቀሰች። እናትህ ሊገቡ ሲሉ «እኔው ልያዛት እማማ» አልኳቸው። አጠገቧ ጋደም አልኩ። ለቅሶዋ ሲበርድ ያ ስሸሸው የከረምኩት ጥያቄ መጣ።

«አባቢ አይመጣም አይደል?»

ያኔ ገባኝ። ጡጦውን አፏ ውስጥ የከተትኩት እንድትተኛ አልነበረም። ስምህን እንዳትጠራብኝ ነበር። ስትጠራህ ማየት ስላልቻልኩ የልጅህን አፍ በወተትና በስኳር ደፈንኩት። ከሁሉ ይልቅ የማፍርብህ በዚህ ነው ደሬ።

«አይመጣም፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት።

«ሞቷል?»

«አዎ።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። «አባቢ ጥርሱን ይታጠብ ነበር?» አለችኝ። ሳላስበው ሳቅሁ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። እሑድ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመህ፣ መፋቂያህን እንደ ሲጋራ ይዘህ ጭስ የምታወጣ እየመሰልክ፣ ታች የሚጫወቱትን ልጆች ስታስቃቸው እንደነበር ነገርኳት። «ሌላ ንገሪኝ» አለች። ሌላ ነገርኳት። «ሌላ» አለች። ያንን ስነግራት እንቅልፍ ወሰዳት።

እናትህ ይቅር ብለውኛል። ያንተን ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ መንገድ የለኝም፤ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ከእንግዲህ በቤታችን ስምህ ይጠራል። ሶሊ ስትጠይቀኝ፣ ቢደክመኝም ቢከፋኝም እመልስላታለሁ። የማላውቀውን እናትህን እጠይቅላታለሁ። ድምፅህ ምን ይመስል እንደነበር፣ ስትናደድ ምን ትል እንደነበር፣ ምን እንደምትወድ ሳታውቅ አታድግም።

የሚመጣው እሑድ ሦስታችንም ወደ አንተ እንመጣለን። ሶሊ መቃብርህን አይታው አታውቅም፤ ሕፃን ናት ብዬ ከልክያት ነበር። የምትነግርህ ነገር አላት። ለእናትህ በጆሯቸው ሹክ ብላቸዋለች፤ ለእኔ እንቢ አለች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። እሷ ታውራህ።

ያንተው ሰብለ